ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ልብስ አታስጡ

«ልቡ ነው እንጂ የቆመው፣ ሞተሩማ አሁንም ይሠራል አሉ።»

ታዴዬ፣ ይህን ያለችው ከጦር ኃይሎች ወደ ቀራንዮ በሚሄድ ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ናት። ስለ አንተ ነበር የምታወራው። ከፊቷ ያለሁት ሚስትህ መሆኔን አላወቀችም። ጓደኛዋ ደግሞ «ነፍሱን ይማረውና አውሮፕላን እየሠራ በታክሲ የሚመላለስ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ ሳቁን ትቼ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያዝኩ። ሠላሳ ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሠራች ሴት ምንጩ ያልታወቀ ወሬ ስትሰማ ማጣራት ይቀናታል። የልብህ መቆም እውነት ነው፤ ሐኪሙ ፈርሞበታል። የሞተሩን መሥራት ግን ያረጋገጠ ሰው የለም። ከተለያየን ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነን፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቁልፉን የነካው ሰው የለም።

ስለዚህ ላጣራ ወሰንኩ። ይህን የምጽፍልህ ውጤቱን እንድታውቀው ነው።

ቤቱን ከጠየቅከኝ ደህና ነው። አሸንዳውን አስጠግኛለሁ። ከጎናችን የነበረው የጭቃ ቤት ፈርሶ ባለ አራት ፎቅ እየወጣበት ስለሆነ ግቢ የቆመው አውሮፕላንህ ግራ ክንፉ ከቀትር በኋላ ፀሐይ አያገኝም። ድመቷ ጅራቱ ውስጥ ገብታ ሦስት ወልዳለች። የታክሲ ረዳቶቹ ለፌርማታችን ስም አውጥተውለታል፤ «አውሮፕላኑ ጋ ወራጅ አለ?» እያሉ ይጠይቃሉ። እኔ ፌርማታ ላይ ስም ለመተው ወይ ደጃዝማች መሆን ወይ ዳቦ ቤት መክፈት ያስፈልጋል ብዬ ነበር የማምነው።

የለቅሶህን ነገር ስላላየኸው ልንገርህ። የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው መጡና ግቢው መሐል ቆመው አውሮፕላኑን አዩት። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው «ይሄ ነገር ትንሽ ፈቀቅ አይልም?» አሉኝ። አይልም አልኳቸው። ክንፎቹ በአራት በአራት ብሎን እንደሚወልቁ የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነበርን፤ አንተ የለህም፣ እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ብሎን የምፈታበት ጉልበት አልነበረኝም። በመጨረሻ ድንኳኑን በላዩ ላይ ዘረጉት። ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ደራሹ ክንፍህ ሥር ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ሲነሱ ጭንቅላታቸው ከክንፉ ይጋጭና «ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ ላንተ ይሁን ለራሳቸው አልተለየም። ባርኔጣቸውን የሰቀሉት ፕሮፔለሩ ላይ ነው። ባትሞት ኖሮ ትቆጣ ነበር።

ያ ሞተር እንዴት እጅህ እንደገባ ዛሬም ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። የተገኘው አገሩ የተመለሰ የውጭ ሰው ጥሏት ከሄደ ትንሽ የጃፓን መኪና ነው። አንተ የምትሠራበት ጋራዥ አለቃ ሞተሯን ከፍቶ ሲያይ ውስጡ የሚመላለሰው ፒስተን የለም። አንድም። «ሰርቀውታል!» ብሎ ጮኸ። ዘበኛው ተጠራ፤ ጋቢውን አስወልቀው ፈተሹት፤ የተኛበትን ፍራሽ ገለበጡት። ምስኪኑ ዓይኔ ፒስተን አላየም ብሎ በአቡዬ ማለ። እውነቱን ነበር። አንተ በማግሥቱ በዘይት እጅህ ወደ ቤተ መጻሕፍቴ መጥተህ «አስኩ፣ ፒስተን የሌለው ሞተር በዓለም ላይ አለ?» ብለህ ጠየቅከኝ። በሥራ ዘመኔ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ ሌላው ሰው በአብዛኛው የሚጠይቀኝ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ነበር።

መጽሐፉን አገኘሁልህ። መዝገበ ቃላት ታቅፌ ገጽ በገጽ ተረጎምኩት። ሮታሪ ይባላል። ውስጡ ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ነገር የለም፤ ጎኖቹ ያበጡ ሳምቡሳ የመሰለ ብረት ወገቡ በጠበበ ድስት ውስጥ ይዞራል፣ በቃ። በሦስቱ ጫፎቹ ላይ ደግሞ እንደ ምላጭ የቀጠኑ ብረቶች አሉ፤ የድስቱን ግድግዳ እየታከኩ እሳቱን አፍነው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ዘበኛው ወደ ሥራው ተመለሰ። አለቃህ ስላፈረ «ይሄን ጉድ ከዓይኔ አርቅልኝ» አለህ። አንተም ከዓይኑ አርቀህ እኛ ግቢ አመጣኸው።

«ትንሽ ነው፣ አይንቀጠቀጥም፣ ጉልበቱ ደግሞ ከመጠኑ በላይ ነው። ለመኪና ይባክናል» አልክ። ለምን ይሁን ታዲያ ብልህ ጣትህን ወደ ላይ ቀሰርክ። እኔ ወደ እግዜር የቀሰርክ መስሎኝ አሜን አልኩ። ሌላው ዓለም አውሮፕላን ሠርቶ ሞተር ይፈልጋል፤ አንተ ሞተር አግኝተህ አውሮፕላን አጣህ። ስለዚህ ሠራኸው። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብህ።

ሰው ሁሉ ችግሩ ክንፉ ይመስለዋል። ክንፉማ አንድ ዓመት ነው የወሰደብህ። ችግሩ የመኪና ሞተር መኪና መሆኑን መርሳት አለመፈለጉ ነበር። በጣም ቶሎ ይዞራል፤ ፕሮፔለር እንደዚያ ቢዞር ይጮሃል እንጂ አየር አይገፋም። በመሐላቸው የሚያረጋጋ ማርሽ አስፈለገ። እሱን ብረት በሚቀርጸው ቶርኖ ስትሠራ ሁለት ክረምት አለፈ፤ አራት ጊዜ ሠርተህ ሦስቱን ጣልክ። ከተጣሉት አንዱ ዛሬም የሳሎኑን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ይይዝልኛል። ፕሮፔለሩን ከዋንዛ ጠረብከው። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ለማየት ስለት ላይ አስቀምጠኸው ትንፋሽህን ውጠህ ስትጠብቅ አይቼሃለሁ። አባቴ ዘንድ ሽማግሌ የላክህ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልተጨነቅክም።

ሙቀቱ ደግሞ ለብቻው ጣጣ ነበር። ያ ሞተር ከሚሠራው ሥራ የሚያወጣው ሙቀት ይበልጣል፤ እንደዚያ ዓይነት ባለሥልጣንም አውቃለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስታስነሳው ውሃው በአምስት ደቂቃ ፈላ። ጎረቤታችን እትዬ ጠጅቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ታደሰ፣ ሻይ ቅጠል ላቀብልህ?» አሉህ። አልተቀየምክም። ሁለተኛ ራዲያተር ጨመርክ፤ አየር መግቢያውን በላሜራ ሠርተህ አፈረስክ፣ ሠርተህ አፈረስክ። በስድስተኛው ሙከራ የሙቀት መለኪያው መርፌ መቆም ያለበት ቦታ ላይ ቆመ። ያን ቀን እትዬ ጠጅቱ ራሳቸው ሻይ አፍልተው አመጡልህ።

ራዲያተር ሲጨመር ክብደት ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ያበድክ መሰለኝ። ብረት ባየህ ቁጥር ትበሳዋለህ፤ እንዲቀልል ነው። ያገኘኸውን ሁሉ ትመዝናለህ፦ ባትሪውን፣ ጀሪካኑን፣ እኔን፣ ድመቷን። ድመቷ ሦስት ኪሎ ከሩብ ወጣች፣ እኔ ሃምሳ አራት። በወሩ ደግመህ መዘንከን፤ ድመቷ ጨምራ ነበር። አንተ ግን ዘጠና አንድ ኪሎህን ተሸክመህ ከአንዲት ብሎን ላይ ሁለት ግራም በሞረድ ታነሳለህ። «ብሎኗን ትተህ ክትፎውን ብትተው አይቀልልህም?» አልኩህ። ሳቅክ። በሁዳዴ የቀነስከውን በፋሲካ ሳምንት መልሰህ አገኘኸው።

አንተ ነገር የምትሰማው እንደ ሌላ ሰው አልነበረም። የተዋወቅን ሰሞን፣ የምሠራበትን ትምህርት ቤት ቶርኖ ልትጠግን መጥተህ ዝናብ ቤተ መጻሕፍቴ ውስጥ ያስገባህ ጊዜ፣ እስከ ጦር ኃይሎች ሸኘኸኝ። በላያችን አውሮፕላን አለፈ። ላስቅህ ብዬ አንድ ታሪክ ነገርኩህ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ለአብራሪነት ልመዘገብ ሄጄ ቁመቴ አንሶ ከበር መመለሴን። ታሪኩን የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቃል። አንተ አልሳቅክም። «በስንት ሴንቲ?» አልከኝ። በአራት አልኩህ። «አራት ሴንቲማ ይስተካከላል» አልክ፤ ስለ ብረት እንደምታወራ። ይህን ሰው ካላገባሁ ማንን ላገባ ነው ብዬ በዚያው ታክሲ ተሳፈርኩ።

የቅዳሜውን ሥርዓት ያወጣኸውም አንተ ነህ። ሞተር የምታስነሳው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያንም የእንቅልፍም ሰዓት አይደለም። ከዋዜማው በየበሩ ታንኳኳና ባርኔጣህን አውልቀህ «ነገ ስምንት ሰዓት ሞተር አስነሳለሁ፤ እባካችሁ ልብስ አታስጡ» ትላለህ። የመጀመሪያ ጊዜ ሳትናገር አስነስተህ የእትዬ ጠጅቱ ነጠላ ሦስተኛው ግቢ የጽድ ዛፍ ላይ ስለተገኘ ነው። ከዚያ ጅራቱን በሰንሰለት ከብረቱ ምሰሶ ጋር ታስራለህ። እኔ ወንበሩ ላይ ገብቼ ፍሬን እረግጣለሁ፣ ቁልፉን አዞራለሁ፤ አንተ ውጭ ቆመህ በጆሮህ ታዳምጣለህ። አንድም ቀን ገብተህ አልተቀመጥክም። ሆድህ አያስገባህም እያልኩ ስንት አፌዝኩብህ! አውሮፕላን ሠርቶ ወንበሩን የረሳ ሰው አልኩህ። ሳቅክ እንጂ አልመለስክልኝም።

ትንፋሽ ሲያጥርህ «ከፍታው ነው» ትለኝ ነበር። የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው፣ ሞተርም ሰውም እዚህ አገር ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም ብለህ በወረቀት ላይ ሠርተህ አሳየኸኝ። ስሌቱ ትክክል ስለነበር አመንኩህ። የሞተሩን ጉድለት ቤንዚንና አየር በሚቀላቅል አዲስ ካርቡራተር አስተካከልከው። የራስህን ደብቀህ ያዝከው። በዚህ ብቻ ነው የምቀየምህ።

የሌላ ሴት ባል ሆስፒታል ተኝቶ አደራ የሚለው ቤቱን ነው፣ ዘመዱን ነው። አንተ እጄን ይዘህ «በየሳምንቱ ፕሮፔለሩን በእጅሽ አዙሪው፤ ቆሞ ከከረመ ጫፎቹ ይጣበቃሉ» አልከኝ። አዞርኩት። ዝናብ ሲዘንብ ዣንጥላ ይዤ አዞርኩት። አንድም ቅዳሜ አላለፈኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሙት ዓመትህን ካወጣን በኋላ ወንድምህ ግርማ መጣ። ሚኒባስ ነጂ ስለሆነ አፉ እንደሚታወቀው ነው፤ ልቡ ግን ወርቅ ነው፣ ስለዚህ የመጣው ለኔው አስቦ ነበር። ኮልፌ ላይ ሁለት ወፍጮ ያላቸው አቶ ዘርጋ ሞተሩን ይፈልጉታል፣ መብራት ሲጠፋ ወፍጮውን ያዞርላቸዋል አለኝ። አቶ ዘርጋ ለቅሶ የደረሱ ጊዜ እያጽናኑኝ ዓይናቸው ሞተሩ ላይ እንደነበር ትዝ አለኝ። አይሆንም ልል አፌን ስከፍት ግርማ «እትዬ፣ አብራሪው ከሞተ አውሮፕላኑ ምን ይሠራል? ቢያንስ እህል ይፍጭ» አለ። እሺ፣ ይምጡና ይዩት አልኩ። ልክ በዚያ ሳምንት ነው ታክሲ ውስጥ ያቺን ሴት የሰማኋት። ከመሄዱ በፊት ሠርቶ ልስማው ብዬ ቆረጥኩ። የማይሠራ ከሆነም ማንም ሳያሾፍብህ በፊት ልወቀው።

ዓርብ በየበሩ ሄድኩ። እንዳንተ ባርኔጣ ስለሌለኝ ሻሼን አስተካከልኩ። «ነገ ስምንት ሰዓት ሞተር አስነሳለሁ፤ ልብስ አታስጡ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። እትዬ ጠጅቱ በራቸውን ከፈት አድርገው «እኛ መች ቅዳሜ አስጥተን እናውቃለን፣ አስካልዬ?» አሉኝ። እውነትም ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ገመዳቸው ባዶ ነበር። ፕሮፔለሩን ሳዞር በየሳምንቱ ሳየው ከርሜ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ተመልካች ነኝ እላለሁ ደግሞ።

ግርማ የሚኒባሱን ባትሪ ነቅሎ አመጣ። ሞተሩን ሊያሸጠኝ የመጣው ሰው ባትሪ ሲያቀብለኝ ማየት ደስ ይላል። አዲስ ቤንዚን ቀዳን፤ ጫፎቹ እንዳይደርቁ ትንሽ ዘይት አብረን ጠብ አደረግን። ድመቶቹን አወጣን፣ ሰንሰለቱን አሰርን። አቶ ዘርጋ ጥሩ ኮፍያቸውን አድርገው መጥተው ወንበር ተሰጣቸው። አጥሩ በሰው ጭንቅላት ተሞላ። ገብቼ ፍሬኑን ረገጥኩና ቁልፉን አዞርኩት።

አልተነሳም። ደግሜ አዞርኩት። የቤንዚን ሽታ ብቻ። ከአጥሩ ላይ አንዱ «በቃ ባለቤቱን ተከትሏል» አለ። አቶ ዘርጋ ሰዓታቸውን አዩ። ግርማ ቀረብ ብሎ በዝግታ «ይበቃል እትዬ» አለኝ። ይበቃል ልል ነበር። ቀና ስል ግድግዳው ላይ በጠመኔ የጻፍከው ታየኝ፤ ክረምቱ ግማሹን አጥቦታል፦ «ቤንዚን ከጠጣ አትነዝንዢው። ሩብ ሰዓት ተይው።» ሩብ ሰዓት ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ረጅሙ ሩብ ሰዓት ነው። ከአጥሩ ላይ የወረደ ሰው ግን አልነበረም።

ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ አዞርኩት፤ ተነሳ።

ታዴዬ፣ ድምፁን ረስቼው ነበር። እንደ ሌላ ሞተር ዱብ ዱብ አይልም፤ ጫፍ የሌለው አቡጀዲ ያለማቋረጥ ሲቀደድ ማለት ነው። አቧራው ተነሳ። የአቶ ዘርጋ ኮፍያ በአጥሩ ላይ አልፎ ሄደ። ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ከበታቼ ያለው ነገር ሁሉ ወደ ፊት፣ ወደ ፊት ይላል። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረግጬ አለቀስኩ፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ማልቀስ ነፃነት አለው። ሃያ ደቂቃ ሠራ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ሳጠፋው ዝም ባለው ግቢ ውስጥ እትዬ ጠጅቱ «ሻዩ አይፈላም ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ለእኔ መሰለኝ፤ ላንተ ነው።

የታክሲዋ ሴት ትክክል ናት። ተጣርቷል።

አቶ ዘርጋ ኮፍያቸውን አስፈልገው ካገኙ በኋላ መጥተው ክንፉን ዳሰሱት። «እትዬ አስካለ፣ እኔ ይሄን ወፍጮ ላይ አላስረውም። በሬ ልገዛ መጣሁ፣ ፈረስ ሆኖ ጠበቀኝ» አሉኝ። ልጃቸው የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ሞተር ታስተምራለች። ሙሉውን፣ ከነክንፉ፣ ተማሪ እንዲማርበት ብትሰጪያቸውስ አሉ። አሰብኩበት። አንተ የሰው ሞኝነት ከማየት ይልቅ የሰው መማር ማየት ትወድ ነበር። «እንግዲህ አብራሪው ባይኖርም ተማሪ ይኖረዋል» አልኳቸው። ዓረፍተ ነገሩን ወደድኩት፤ ግርማም እንደ ወደደው አየሁ። ሰኞ ጠዋት በጭነት መኪና ሊወስዱት ይመጣሉ። ስምንቱን ብሎን ራሴ እፈታለሁ።

እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው እየሄድኩ ፕሮፔለሩን በእጄ ላዞር ተስማምቻለሁ፤ ይህን ካልፈቀዱ አልሰጥም ብያለሁ። ማርሽህ የሳሎኑን በር ይዞ እዚሁ ይቀራል። አንድ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሲሳቅበት ሳይቆጣና ሳያቆም መሥራቱን፣ ሦስት ማርሽ ጥሎ አራተኛውን መጀመሩን ለሚጠይቀኝም ለማይጠይቀኝም እናገራለሁ። ስምህን የሚጠራው ፌርማታው ብቻ አይሆንም። ጉልበቴ እስከቻለ አዞረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላም ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሲሆን ልብስ አላሰጣም።

የርክክቡን ቅጽ ለመሙላት የየዕቃውን ክብደት ስለጠየቁኝ ዛሬ ሰማያዊውን ደብተርህን አወጣሁ። ጽሕፈትህን የሚያነበው እግዜር ብቻ ነው ብዬ ከፍቼው አላውቅም ነበር። የመጨረሻው ገጽ ግን ጥርት ያለ ነው። ሞተሩ ከነማርሹ አለ፤ ሁለቱ ራዲያተሮች አሉ፤ ባትሪው፣ ቤንዚኑ፣ ፕሮፔለሩ አሉ። ከሥራቸው፦ «መርገጫው 4 ሴንቲ እንዲቀርብ ተደርጓል።» ከዚያ ሥር፦ «አብራሪ፣ 54 ኪሎ።»

አንተ ዘጠና አንድ ነበርክ።